የብርዱ ሊቅ

የዳባትና የደባርቅ ነዋሪ የስሜንን ውርጭ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ (1853-1926 እ.ኤ.አ.) የደረሱበት ብርድ ግን ከዚያ እጅግ የከፋ ነበር። በ1908 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሂሊየምን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዘው ፈሳሽ አደረጉ። በ1911 ሜርኩሪ በዚሁ ብርድ ኤሌክትሪክን ፈጽሞ ሳያግድ ሲያሳልፍ አገኙ፤ በ1913ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚህ ግኝት ኃይለኛ ማግኔት ለመሥራት ተመኙ፤ የሞከሯቸው ብረቶች ግን ማግኔቱ ሲበረታ ያን ጠባያቸውን ያጡ ነበር። የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ውሕድ ምኞታቸውን የሚፈጽም መሆኑ የታወቀው ካረፉ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ለመድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን በእንዲህ ያለ ማግኔት ለመለየት ሞክረዋል። ፕሮቲኑን መርጠው የሚይዙ ደቃቅ ቅንጣቶች በድብልቁ ውስጥ ይጨመራሉ፤ ማግኔቱ ቅንጣቶቹን ሲይዝ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። ለኦነስ ያልሰመረው ማግኔት ለሕሙማን ተስፋ ሆነ።