አሾካ፦ ቁጣውን የገራ ንጉሥ

ከደሎ መና ወደ ሐረና ደን የሚዘልቅ ሰው የዛፍ ጥላ ለቡናም ለመንገደኛም ያለውን ጥቅም ያውቃል። ከ2,200 ዓመታት በፊት በህንድ የነገሠው አሾካም ሰውና ከብት የሚያርፍባቸውን ዛፎች በየመንገዱ ዳር አስተክሏል፤ የውኃ ጉድጓዶችንም አስቆፍሯል።

ወደዚህ ምግባር ያደረሰው ግን ጦርነት ነው። በነገሠ በ8 ዓመቱ ካሊንጋን ወግቶ ያዘ። በዐለት ላይ ያስቀረጸው ዐዋጅ እንደሚመሰክረው፣ 100,000 ሰዎች ተገደሉ፤ 150,000 ተጋዙ። ከድሉ በኋላ ጸጸት አደረበት፤ ጸጸቱም ወደ ቡድሃ ትምህርት ይበልጥ አቀረበው። ትምህርቱ ሰው ቁጣና ምኞት በልቡ ሲነሡ አስተውሎ እንዲገራቸው ይመክራል፤ ዛሬ የስሜት ብልህነት የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሾካ ምክሩን ወደ አስተዳደር አመጣው። የካሊንጋ ሹማምንቱ ከቅናት፣ ከቁጣ፣ ከጭካኔ፣ ከችኮላና ከስንፍና ርቀው እንዲዳኙ አዘዘ። ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና እንዲሰጥ፣ የመድኃኒት ዕፅዋትም በሌሉበት እንዲተከሉ አደረገ።

ሆኖም ካሊንጋን አልለቀቀም፤ የጸጸቱ ቃልም በካሊንጋ ምድር ከተቀረጹት ዐዋጆች ውስጥ የለም። በእኛ የሽምግልና ወግ በዳይ ጥፋቱን የሚያምነው በተበዳዩ ፊት ነው። አሾካ ቁጣውን ገራ፤ ይህን የመጨረሻ እርምጃ ግን ሳይራመድ ቀረ።