ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ሐኪም

ሼርሎክ ሆምስን በቴሌቪዥን የሚከታተል ተመልካች መርማሪውን እንጂ ደራሲውን ብዙም አያስታውስም። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 በሌኒንግራድ፥ ከ1984 እስከ 1994 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የተሠሩት ተከታታይ ድራማዎች የተቀዱት አርተር ኮናን ዶይል ከጻፋቸው 4 ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ነው።

ዶይል እ.ኤ.አ. በ1859 በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ በመጠጥ የተጠቁ ስለ ነበሩ ቤተ ሰቡ በችግር ኖረ። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲያጠና፥ መምህሩ ዶክተር ጆሴፍ ቤል የበሽተኛውን እጅ፥ ልብስና አረማመድ ብቻ አይተው ሙያውን ሲናገሩ ይመለከት ነበር። ሆምስ የተቀረጸው በእኚሁ መምህር አምሳል ነው። የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሲታተም ለደራሲው የተከፈለው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚህ ትምህርት ከባድ ፈተና የመጣው ከልብ ወለድ ውጭ ነው። ከሕንዳዊ አባት የተወለደው የሕግ ባለሙያ ጆርጅ ኤዳልጂ እ.ኤ.አ. በ1903 በሌሊት ፈረስ በስለት ጎድቷል ተብሎ የ7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከ3 ዓመት በኋላ ቢለቀቅም ስሙ አልነጻም፤ ወደ ሙያውም መመለስ አልቻለም። ዶይል ሊያነጋግረው ሲሄድ ጋዜጣውን ከዓይኑ እጅግ አስጠግቶ ሲያነብ አገኘው። ዓይኑ ይህን ያህል የደከመ ሰው በጨለማ ማሳ አቋርጦ ያንን ድርጊት ሊፈጽም እንደማይችል በጋዜጣ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1907 መንግሥት ለኤዳልጂ ይቅርታ አደረገለት፤ ካሳ ግን ነፈገው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጉዳይ ነበር።

ያው ሰው በስተርጅናው የመናፍስትን እምነት ተቀብሎ፥ ሁለት ልጃገረዶች ክንፍ ያላቸውን የተረት ፍጡራን አነሣን ያሉበትን ፎቶግራፍ እውነት ነው ሲል ተሟገተ። እርሱ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን፥ ፍጡራኑ ከወረቀት የተቆረጡ ሥዕሎች መሆናቸውን ሴቶቹ ያመኑት በ1983 ነው።

ዶይል የሌሎችን ፍርድ በማስረጃ መረመረ፤ የራሱን ምኞት ግን ሳይመረምር ተቀበለ። ውጤቱ እንደ ፍላጎቱ ሲሆንለት ልኬቱን መድገም የሚተው ባለሙያም የሚወድቀው በዚሁ ስሕተት ነው።