ሮበርት ጌርቪግ፦ ሐዲድ ዘርጊውና የኩኩ ሰዓት

ሮበርት ጌርቪግ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በካርልስሩኸ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ከተማረ በኋላ በባደን መስፍን ግዛት በመንግሥት ሥራ ተቀጠረ። መሐንዲሶች ስሙን የሚያነሡት በሐዲዱ ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለው ውለታው ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

በ1840ዎቹ ዓመታት ጥቁር ደን በተባለው ተራራማ አገር የሚኖሩት ሰዓት ሠሪዎች ኑሮአቸው ተናግቶ ነበር። በየቤታቸው በእጅ የሚሠሩት ሰዓት፣ አሜሪካ በፋብሪካ በብዛት የምታመርተውን ርካሽ ሰዓት መቋቋም አልቻለም። መንግሥትም በ1850 ዓ.ም. በፉርትቫንገን የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት አቋቁሞ የ30 ዓመቱን ጌርቪግን ዲሬክተር አድርጎ ሾመው። የመንገድና የሐዲድ ሰው በሰዓት ሠሪዎች ላይ መሾሙ እንግዳ ቢመስልም ምርጫው የተሳካ ነበር።

ጌርቪግ ችግሩ በሰዓቱ ውስጣዊ አሠራር ብቻ ሳይሆን ዘመን ባለፈበት መልኩም ጭምር መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የአገሩ ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች አዲስ የሰዓት ንድፍ እንዲያቀርቡ በአዋጅ ጠየቀ። ጥሪውን ከተቀበሉት አንዱ የባደንን የባቡር ጣቢያዎች የነደፈው አርክቴክት ፍሪድሪኽ አይዘንሎር ነበር። እርሱም የሐዲድ ጠባቂዎችን ትንሽ ቤት ፊት ወስዶ የሰዓት ገጽ አስገባበት። ሰዓት ሠሪዎቹም በጣሪያው ሥር ኩኩ የተባለችውን ወፍ አኖሩ፤ ድምፅዋም ሁለት ትንንሽ ወናፎች ሁለት ዋሽንቶችን ሲነፉ የሚወጣ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የኩኩ ሰዓት መልክ ከዚሁ የጥበቃ ቤት የተወለደ ነው።

ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮም ጌርቪግ ሌላው እንደ ውዳቂ የሚያያቸውን አሮጌ ሰዓቶች ሰበሰበ፤ የፉርትቫንገን የሰዓት ሙዚየም መነሻ ይኸው ስብስብ ነው።

በ1857 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ለቅቆ ወደ ቀድሞ ሙያው ተመለሰ። በ1873 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ የተከፈተው የጥቁር ደን ሐዲድ በሆርንበርግና በሳንክት ጌኦርገን መካከል 448 ሜትር ይወጣል። በቀጥታ 11 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ርቀት ጌርቪግ በጥምዝ መስመርና በበርካታ ዋሻዎች ወደ 26 ኪሎ ሜትር አርዝሞ ዳገቱን ከመቶ ሁለት አላሳለፈውም። በስዊስ የጎትሃርድ ሐዲድ ዋና መሐንዲስነቱ ግን እንደዚህ አልተቃናም፤ የወጪ ግምት ባስነሣው ውዝግብ በ1875 ዓ.ም. ለቀቀ። በ1885 ዓ.ም. በካርልስሩኸ ሲሞት የሄለንታል ሐዲድ ሥራ ገና አላለቀም ነበር፤ መስመሩ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።