ቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ፦ በምድረ በዳ የጠገበች ነፍስ

ሰው በንብረቱ ብዛትና በስሙ ገናናነት በሚመዘንበት በዚህ ዘመን ገበያው በሸቀጥ ሲሞላ ልብ ግን ባዶውን ሲቀር እናያለን። ጦርነትና የኑሮ ውድነት ሲታከሉበትም የነፍስ ረኀብ ይጠናል። ሀብትንም ዝናንም ቀምሶ ያልጠገበው የቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ ሕይወት ለዚህ ረኀብ መልስ አለው።

ሻርል እ.ኤ.አ. በ1858 በስትራስቡርግ ከተማ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በ1864 ወላጆቹን በሞት አጥቶ በአያቱ እጅ አደገ፤ በወጣትነቱም እምነቱን ጣለ። አያቱ በ1878 ሲያርፉ የወረሰውን ሀብት፣ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሳለ፣ በግብዣና በፈንጠዝያ ስለ በተነው ዘመዶቹ በፍርድ ቤት ሞግዚት አስሾሙበት። ሠራዊቱን ከተወ በኋላ በአይሁዳዊ ልብስ ተሰውሮ ለአውሮፓውያን ዝግ በነበረችው ሞሮኮ አንድ ዓመት ያህል ተጓዘ። ስለዚህ ጥናቱ በ1885 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው፤ ስሙም ገነነ። ዳሩ ግን ድግሱም ሜዳልያውም የውስጡን ባዶነት አልሞሉለትም።

በኦክቶበር 1886 በፓሪስ ቅዱስ አውጎስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ወደ አባ ሁቭለን ቀርቦ ስለ ሃይማኖት እንዲያስተምሩት ለመነ። እርሳቸው ግን ተንበርክኮ እንዲናዘዝ አዘዙት፤ ወዲያውም ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡ ይኸው ሆነ። በ1890 ትራፒስት ገዳም ገባ፤ ከ1897 ጀምሮ በናዝሬት የክላራውያት ደናግል አገልጋይ ሆኖ ኖረ፤ በ1901 ማዕርገ ክህነት ተቀብሎ ወደ አልጄሪያ ሰሃራ ወረደ፤ በ1905ም በታማንራሴት በቱዋሬጎች መካከል ሰፈረ።

ከባዱ ፈተና የመጣው በዚያ ነው። የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህን የሚያገለግለው ምእመን ሳይኖር እንዳይቀድስ ይከለክል ስለ ነበር፣ ሌላ ክርስቲያን በሌለበት በዚያ ስፍራ ለወራት ሳይቀድስ ቆየ፤ የ1907 የልደት በዓልም ያለ ቅዳሴ አለፈ። በጃንዋሪ 1908 ጽኑ ሕመም ጣለው። በድርቅ የተጎዱት ጎረቤቶቹ ከየፍየሎቻቸው ያገኙትን ጥቂት ወተት እያሰባሰቡ አጠጥተው አዳኑት። ሊመግብ የሄደው ካህን በድሆች እጅ ተመገበ። በዚያው ወር መጨረሻም ብቻውን እንዲቀድስ ከሮም መፈቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁከት፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1916፣ በታጠቁ ሰዎች እጅ ተገደለ። አንድ ተከታይ እንኳ በአጠገቡ አልነበረም፤ በመንፈሱ የሚኖሩት የኢየሱስ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ማኅበራት የተመሠረቱት ከሞቱ በኋላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሜይ 15 ቀን 2022 ቅድስናውን አወጁ።

የተከበራችሁ ምእመናን! በየሰንበቱ በቁምስናችን የሚቀርብልን ማዕድ እርሱ በበረሃ ለወራት የተራበው ማዕድ ነው። ወተቷን የምታካፍል ድኻ ጎረቤትም ከደጃችን አትጠፋም። ሁለቱንም ሳናልፍ እንቅረብ። የቅዱስ ሻርል ጸሎት ይርዳን።