ሄንሪየታ ዞልድ፦ በሁለት ነርሶች የተጀመረ ሥራ

ውድ እህቶች፣ ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ በየቡና ከተማው በማኅበር ተሰባስበን የምንሠራ ሴቶች ልናውቃት የሚገባ አንዲት አይሁዳዊት አለች። ስሟ ሄንሪየታ ዞልድ ነው።

ሄንሪየታ እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ከሃንጋሪ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባቷ የምኩራብ መምህር ነበሩ። ከስምንቱ ሴቶች ልጆቻቸው ታላቋ እሷ ነበረች። አባቷም ያን ጊዜ ለወንዶች ብቻ ይሰጥ የነበረውን የሃይማኖት ትምህርት ሳይሰስቱ አስተማሯት።

ከሩሲያ ግፍ የሸሹ አይሁዶች ወደ ባልቲሞር ሲጎርፉ፣ በ1889 እንግሊዝኛ የሚማሩበት የማታ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ቀን በመምህርነት እየሠራች ማታ ስደተኞቹን ታስተምር ነበር።

በ1909 ከእናቷ ጋር ወደ ፍልስጤም ተጓዘች። በዚያም ዓይናቸውን ትራኮማ የያዛቸው፣ ዝንብ የወረራቸው ሕፃናት አዩ። እናቷ፣ ኒው ዮርክ ያለው የሴቶች የጥናት ቡድን ከንባብ አልፎ ለእነዚህ ልጆች ቢሠራ እንደሚሻል መከሯት። ምክሩ ፍሬ አፈራ። በ1912 ሄንሪየታና ጥቂት ሴቶች አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በአስቴር የዕብራይስጥ ስም ሐዳሳ ተባለ። በዓመቱ ገንዘብ አሰባስበው ሁለት ነርሶችን ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። በ1918 ከ40 በላይ ሐኪሞችና ነርሶች ተከተሉ። የነርሶች ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ወተት ማደያዎችና ሆስፒታሎችም ተቋቋሙ። አይሁድም ዓረብም ያለ ልዩነት ይታከም ነበር።

ከሰባ ዓመቷ በኋላም አላረፈችም። ከ1933 ጀምሮ የአይሁድ ልጆችን ከናዚ ጀርመን የሚያወጣውን ሥራ መራች። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ዳኑ፤ የብዙዎቹ ወላጆች ግን እዚያው ቀርተው ተገደሉ። እሷ ትዳር አልያዘችም፣ ልጅም አልወለደችም፤ ለእነዚያ ልጆች ግን እናት ሆነች። በ1945 ማኅበሯ ባሠራው የኢየሩሳሌም ሆስፒታል በ84 ዓመቷ አረፈች።

ያ የልጆች ሥራ ከሞተች በኋላም ቀጥሎ ለእኛው አገር ልጆች ደረሰ። በ1980ዎቹ በሱዳን በረሃ አቋርጠው እስራኤል የገቡ ብዙ የቤተ እስራኤል ወጣቶች በእሱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል።

እህቶች፣ በየወሩ የምናዋጣት ገንዘብ ብታንስም አንናቃት። የእነዚያ ሴቶች የመጀመሪያ መዋጮም ሁለት ነርሶችን ብቻ ነበር የላከው።