አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአማራ አገር፥ መካነ ሥላሴ በሚባል ስፍራ ነው። ግዕዝንና የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው መነኰሱ። ዘመናቸው ግን በኢትዮጵያ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር የተጣላበት ዘመን ነበረ።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1625 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባሉ የፖርቱጋል ጳጳስ በቤይሉል ወደብ ወረዱ፤ ሐሩሩን ታግሠው በአፋር በረሃ በኩል ወደ ደጋው ወጡ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው ነበርና በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ሜንዴዝ የተማሩ፥ ለሃይማኖታቸውም የሚቀኑ ሰው ነበሩ፤ ትዕግሥት ግን አልነበራቸውም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና እንዲባረኩ አዘዙ። ሕዝቡ የአባቶቹ ጥምቀት እንደ ከንቱ ስለ ተቈጠረበት አዘነ፥ ተቈጣም። ወንድም በወንድሙ ላይ ጦር አነሣ። በ1632 ዓ.ም. በአንድ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሜንዴዝን ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ስለ ነበሩ እርሳቸውም ተሰደዱ። ከጊዜ በኋላ ሮማ ገብተው፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረው በኢትዮጵያውያን ቤት ተቀመጡ።

በ1649 ዓ.ም. ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ጐልማሳ ወደዚያ ቤት መጣ። ዕድሜው ወደ 25 ዓመት ይጠጋ ነበረ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ ነበርና ሲያነብ መነኰሳቱ በአነባበቡ ሳቁ፤ ያነበበውን ሲተረጕም ግን ተደነቁ። እርሱም በሳቃቸው ሳይቀየም እንዲያስተምሩት ለመነ። አባ ጎርጎርዮስ በዕድሜ እጅግ ይበልጡት ነበር፤ ሊቅም ነበሩ፤ ነገር ግን ይህን ባዕድ ጐልማሳ ለማስተማር አልታከቱም። ሉዶልፍ ከሉተር ወገን ነበረ። የሮማና የሉተር ወገኖች በጀርመን 30 ዓመት ሲዋጉ ኖረው የታረቁት ገና በ1648 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሁለቱ ወዳጅነት እንደ ቀላል ነገር የሚቈጠር አይደለም።

በ1652 ዓ.ም. የሉዶልፍ ጌታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ወደምትባለው ከተማ ጠሯቸው። ሽማግሌው መነኵሴ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ሄዱ። በመስፍኑ ግንብ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ስለ ሕዝቡ ሥርዓት የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይነጋገሩ ነበር፤ አማርኛንም አስተማሩት። ሜንዴዝ በዙፋንና በትእዛዝ ያላገኙትን እነዚህ ሁለቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ፥ አንዱ ጠያቂ አንዱ መላሽ ሆነው አገኙት። አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮማ ከተመለሱ በኋላም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

በ1658 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለማየት ተነሡ። ነገር ግን በሶርያ ጠረፍ፥ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጠሙ።

ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፥ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፥ የአማርኛንም ሰዋስው በ1698 ዓ.ም. አሳተመ። በአውሮፓ ዝናው ታላቅ ነበረ፤ ሆኖም ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልሸሸገም። በ1691 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም የመምህሩን የአባ ጎርጎርዮስን መልክ አስቀርጾ አኖረ።