የጠላቂዎቹ ሐኪም ጆን ስኮት ሃልዴን

ፊዚዮሎጂ የተማራችሁ ሃልዴን የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ሲይዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደሚለቅ የሚገልጸው ሕግ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። እኔ ግን ሰውየውን የወደድኩት በነርሲንግ ክፍል ሳይሆን ስኩባ ስማር ነው።

ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1860 ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ተወለደ። እዚያው ሕክምና ተምሮ በ1884 ቢመረቅም ዕድሜውን የሰጠው ሰው ለሚተነፍሰው አየር ጥናት ነው። በ1896 ዌልስ ውስጥ ታይለርስታውን በተባለ ቦታ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፈንድቶ 57 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ራሱ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን ያሳየው ሃልዴን ነው። ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ የገዛ ደሙን ይለካ ነበር። ቆፋሪዎች ትንንሽ ወፎች ይዘው እንዲወርዱም መከረ። ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ ለመሸሽ ጊዜ ይገኛል።

ከዚያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈለገው። ጠላቂዎች ከጥልቅ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ነበር፤ ሽባ የሚሆኑም የሚሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ታውቋል፦ በግፊት ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን፣ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ተንጦ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። እንዴት መውጣት እንደሚሻል ግን በትክክል አይታወቅም ነበር። ሃልዴንና ባልደረቦቹ ለንደን፣ ሊስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ 85 ፍየሎችን በብረት ክፍል እያስገቡ ግፊት ጨመሩባቸው፣ ቀነሱላቸው። የታመመች ፍየል አንድ እግሯን ታነሳለች። የሞቱም አሉ። ይህን ሳነብ ቅር ብሎኛል፤ ግን ከዚያ በፊት በእነሱ ቦታ ይሞት የነበረው ሰው ነው።

ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ሰውነት እንደሚችለው ደረሱበት። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው ፊት አራት እጥፍ ነው፤ 10 ሜትር ላይ ሁለት እጥፍ። ስለዚህ ጠላቂው እስከ 10 ሜትር ቶሎ ይወጣና ከዚያ በየደረጃው እየቆመ ናይትሮጅኑን በትንፋሽ ያስወጣል። በ1906 ሁለት የባሕር ኃይል ሰዎች በዚህ መንገድ ስኮትላንድ ውስጥ እስከ 64 ሜትር ወርደው በደህና ወጡ። የ13 ዓመት ልጁ ሳይቀር በሙከራው ጠልቋል፤ ልብሱ ሰፍቶት ውኃ ገባበት እንጂ! ሠንጠረዡ በ1908 ታተመ። የግማሽ ልኩ በኋላ ቢስተካከልም፣ ዛሬ ብዙዎቹ የጠላቂ ኮምፒውተሮች የሚያሰሉት እሱ በቀየሰው መንገድ ነው።

በመጪው እረፍት ከጓደኞቼ ጋር ቀይ ባሕር፣ ግብጽ ራስ ሙሐመድ ልንጠልቅ ነው። ቦታው የኮራል ግድግዳ ነው፤ ቁልቁል መቶዎች ሜትር ይወርዳል። የሚያቆም መሬት ስለሌለ የምንቆምበትን የምንወስነው ከመግባታችን በፊት ነው፦ ከ25 ሜትር አናልፍም፤ መጀመሪያ ጥልቁን አይተን ግድግዳውን ይዘን ቀስ በቀስ እንወጣለን፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር አንፈጥንም፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ እንቆያለን።

ከዚያ ጉዟችን ወደ አዲስ አበባ ነው፤ የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ዝቅተኛ ቦታ ሲያርፍ ይመለሳል። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከአውሮፕላኑ ወርደንም ግፊቱ ያው ነው። ለተደጋጋሚ ጥልቂያ የሚመከረው ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው፤ እኛ አንድ ሙሉ ቀን ከነሌሊቱ ይዘናል። የከፍታን ነገር ሃልዴንም አልተወውም፤ በ1911 አሜሪካ፣ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ 4,300 ሜትር ወጥቶ አጥንቷል።

በ1915 ጀርመኖች መርዝ ጋዝ ሲለቁ ወደ ግንባር ተልኮ ክሎሪን መሆኑን ለየ። በጋዝ ለተጎዱት ወታደሮች ኦክሲጅን እየተመጠነ የሚሰጥበትን መሣሪያ በ1917 አቀረበ። እኛ ዛሬ በየአልጋው ራስ የምናየው የዚያ ልጅ ነው።

በ75 ዓመቱ የነዳጅ ሠራተኞችን የሚጥለውን የሙቀት ሕመም ሊያጠና ወደ ኢራንና ኢራቅ ሄደ። እንደተመለሰ የሳንባ ምች ያዘው፤ በመጋቢት 1936 ኦክስፎርድ ውስጥ አረፈ።